ደረቁን አበባ የወሰደችው ልጅ

አንድ ሰው ነበሩ። አሰላ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ ሰፈር የሚኖሩ ጡረተኛ። ስማቸውን አልነግራችሁም፤ ዘመዶቻቸው እዚሁ መካከላችን ተቀምጠው ሊሆን ይችላል። ሰፈሩ «ጋሼ» ነው የሚላቸው፣ እኛም ጋሼ እንበላቸው።

ጋሼ ሚስት ነበሯቸው፣ ወይዘሮ እልፍነሽ። ወይዘሮ እልፍነሽ ደግሞ አንድ አበባ ነበራቸው። ዳሩ ነጭ፣ መሐሉ ወይን ጠጅ። ስሙን የሚያውቅ የለም። ሲዳሩ ከእናታቸው ግቢ ዘሩን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ያመጡት ነው። በሰፈሩ ከእሳቸው በቀር ማንም ስለሌለው «የእልፍነሽ አበባ» ተባለና በዚያው ቀረ።

ያ ሰፈር ደስ የሚል ልማድ አለው። በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ ክረምቱ ወጥቶ ግቢው ሁሉ ሲያብብ፣ ዕድሩ አንድ እሑድ ይመርጥና የአበባ ቀን ይደረጋል። በዚያን ቀን በሩን የሚዘጋ የለም። ሰው ከግቢ ግቢ እየዞረ አበባ ያያል፣ ቆሎ ይዘግናል፣ ባለቤቱን መርቆ ይወጣል። የማን ግቢ በለጠ የሚለው ክርክር ግን እስከ ገና አያልቅም።

የእልፍነሽ ግቢ በዚያን ቀን የልጆች ነበር። እልፍነሽ አልወለዱም። ነገር ግን ልጅ ያጡበት ቀን አልነበረም፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እሳቸው ጋ ነው የሚውለው። ጋሼ ይነጫነጫሉ።

«አንቺ ሴት፣ ይሄ የአበባ ቦታ ነው ወይስ የኳስ ሜዳ?»

«ተዋቸው አንተ ደግሞ! ወንበርህ ላይ አርፈህ ተቀመጥ።»

ደግሞ እልፍነሽ አንድ አመል ነበረባቸው። አበባው ሲጠወልግ አይቆርጡትም። ግንዱ ላይ እንዳለ ይጨማደዳል፣ ቡናማ ይሆናል፣ ጭራሮ ይመስላል። ሲደርቅ ልጆቹን ይጠራሉ፤ እነሱም ሲጫወቱበት ይውላሉ። ጋሼ ጫማቸው ላይ አቧራ የማያሳድሩ ሰው ናቸው፣ ይህን ማየት ያማቸው ነበር። ሚስታቸውን ስለሚወዱ ግን አይነኩትም።

አንድ ሐምሌ ላይ እልፍነሽ አረፉ።

እንግዲህ አንድ ባል ምን ያድርግ? ያልቅሳል። ካለቀሰ በኋላስ? የቀረውን ነገር ይጠብቃል። ለጋሼ የቀራቸው ያ አበባ ነበር። ግቢውን አጸዱ፣ የአበባውን መደብ በድንጋይ ከበቡ፣ አጥሩን አጠበቁ። በየማለዳው መቀስ ይዘው ይወጡና የጠወለገውን ሁሉ እየቆረጡ ይጥላሉ። አንድም ቡናማ ነገር እንዲታይበት አልፈለጉም። የእልፍነሽ ቦታ ነውና ማማር አለበት። ወገኖቼ፣ አትፍረዱባቸው፤ ይህን ያደረጉት በፍቅር ነው።

የአበባው ቀን ሲቃረብ ዕድሩ ተሰበሰበ። አንድ ሰው ተነሣና የሕፃናትን ነገር አነሣ። ይግቡ ወይስ አይግቡ? አንዱ «ይግቡ» አለ፣ ሌላው «ባለፈው ዓመት ስንት ነገር አበላሹ» አለ። በመጨረሻ ጋሼ ተነሡ።

«ሕፃን ልጅ አበባ ቦታ ምን ይሠራል? ያየውን ይቀጥፋል፣ የቀጠፈውን ይጥላል። ሲያድግ ይምጣ። አበባው የትም አይሄድም!»

ሐዘንተኛ ናቸውና ማንም አልተከራከራቸውም። ጋሼ ቤታቸው ሄደው አንድ ቆርቆሮ ላይ «ሕፃናት መግባት ክልክል ነው» ብለው ጻፉና በሩ ላይ በምስማር መቱት።

እሑድ ደረሰ። እንግዳው መጣ፣ አደነቀ፣ «እልፍነሽ ባየችው» አለ። ጋሼ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ምስጋናውን ይቀበላሉ። ታዲያ በዚያ መሐል አንዲት ትንሽ ልጅ በእናቷ ነጠላ ተሸፍና ገባች። ቤዛዊት ትባላለች፤ የጎረቤታቸው የወይንሸት ልጅ ናት፣ ገና ትምህርት ቤት አልገባችም። ቀጥ ብላ ሄዳ ከውኃው በርሜል ጀርባ ጎንበስ አለች። እዚያ ጋሼ ያላዩት አንድ የደረቀ አበባ ነበር። እሱን ቀጠፈች።

«ምን ያዝሽ? አምጪ! ማነው ያስገባሽ?»

ጋሼ ከወንበራቸው ዘለው ተነሡ። ልጅቱ ጮኻ አለቀሰች፣ ጭብጧን ግን አልከፈተችም። ወይንሸት ፊቷ በሐፍረት ቀልቶ «ይቅርታ ጋሼ፣ ይቅርታ» እያለች ጎትታ አወጣቻት። ከዚያን ቀን በኋላ እናትየዋ ጋሼን መንገድ ላይ ስታይ አቀርቅራ ታልፍ ጀመር።

ዓመቱ ዞረ። ሰኔ ገባ፣ ዝናቡ ጣለ። ጋሼ አፈሩን አለስልሰው ጠበቁ። ሌላው ሁሉ በቀለ። የእልፍነሽ አበባ የለም። ሐምሌን ጠበቁ፤ የለም። አንድ ቀን በዝናብ መሐል፣ መቀሳቸውን እንደያዙ፣ ድንገት ገባቸው።

ምን ገባቸው? ያ አበባ የአንድ ክረምት አበባ ነው። በየዓመቱ የሚበቅለው ከደረቀው ራስ ከሚረግፈው ዘር ነው። ያን ዘር እየፈረፈሩ፣ እፍ እያሉ፣ በግቢው የሚበትኑት እነማን ነበሩ? እነዚያ ግቢውን የኳስ ሜዳ ያደረጉት ልጆች ናቸው። እልፍነሽ ዘር በዕቃ አስቀምጠው አያውቁም፤ የልጆቹ እጅ ይበቃቸው ነበር። ጋሼ ደግሞ አበባው ሳይደርቅ እየቆረጡ፣ ልጆቹንም ከበር እየመለሱ፣ በገዛ እጃቸው ጨረሱት።

ቁም ሣጥኑን አገላበጡ። የሚስታቸውን ነጠላ ጫፍ ሁሉ ፈቱ። ሳጉሬ ድረስ ወደ አማቶቻቸው ግቢ ሄዱ፤ አበባው በነበረበት ቦታ ቤት ተሠርቷል። አልጋቸው ላይ ተቀምጠው እንደ ልጅ አለቀሱ። «እልፌን አሁን ነው የቀበርኳት» አሉ።

የአበባው ቀን ሲመጣ በራቸውን ዘጉ። «አበባው የታል?» የሚላቸውን ሰው ሽሽት በጓሮ ወጥተው በጠባቧ መንገድ ሄዱ። በወይንሸት ቤት ጀርባ፣ የልብስ እጣቢ በሚፈስበት ቦይ ዳር ሲያልፉ፣ ቆሙ።

ዳሩ ነጭ፣ መሐሉ ወይን ጠጅ። አንድ አይደለም፤ ቦዩን ተከትሎ ሞልቶታል።

«ወይንሸት! ኧረ ወይንሸት!»

ወይንሸት እጇን እየጠረገች ወጣች። ምን እንዳዩ ስታውቅ ደነገጠች። «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። እኔ አላዘዝኳትም። አሁኑኑ ነቅለን እናመጣልዎታለን።»

ቤዛዊት ከእናቷ ቀሚስ ጀርባ አጮለቀች። ጋሼ ያንን ንጹሕ ሱሪያቸውን ጭቃው ላይ አድርገው ተንበረከኩ።

«ልጄ፣ ያኔ ያ ሁሉ የሚያምር አበባ እያለ ለምን ደረቁን ወሰድሽ?»

«ደረቁ ውስጥ እኮ ልጆቹ ተኝተዋል» አለች። «እማማ እልፍነሽ ናቸው የነገሩኝ። እርስዎ ሁሉንም ሲቆርጡ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። ስለዚህ አንዱን በጭብጤ ደብቄ እዚህ እፍ አልኩት።»

 ጋሼ እጇን፣ ያንን አልከፍትም ያለውን ትንሽ ጭብጥ፣ ይዘው ሳሙት። «ተመስገን» አሉ። «ጌታዬ፣ ያልሰማችኝ ልጅ ስለሰጠኸኝ ተመስገን!» እያለቀሱ ይስቃሉ፣ እየሳቁ ያለቅሳሉ። ልጅቱም እሳቸው ሲስቁ አይታ ሳቀች።

ወይንሸት ዶማ ይዛ መጣች። «እንዳትነኪው!» አሉ ጋሼ። «እዚያው ይድረቅ።»

ሰማችሁ? ያ ሰው፣ ያ መቀሰኛ፣ «ይድረቅ» አለ!

ቤታቸው ገብተው ቆርቆሮውን ከበሩ ነቀሉት። አበባው ሲደርቅ ቤዛዊትና ጓደኞቿ በየጭብጣቸው ዘር ይዘው መጡ፣ በግቢው ሁሉ እፍ አሉት። በሚቀጥለው የአበባ ቀን መጀመሪያ የገቡት ሕፃናት ናቸው። ጋሼ ተለወጡ ወይ? ኧረ ምን ይለወጣሉ! ወንበራቸው ላይ ሆነው «ጫማችሁን አራግፉ፣ በመደቡ አትሂዱ» ሲሉ ዋሉ። የሚሰማቸው አልነበረም። እሳቸውም እንዲሰሟቸው ብዙ አልፈለጉም።

ወገኖቼ፣ ይህን ለምን ነገርኳችሁ?

እኛም የምንወደው ቦታ አለን። አሳምረን፣ ምንጣፉን አንጥፈን፣ መዘምራኑን አስተካክለን እንጠብቀዋለን። ደግ ነው። ነገር ግን ሕፃን ሲያለቅስ ስንቶቻችን ዞረን አፈጠጥን? ስንት እናት ልጇን አቅፋ ከአዳራሹ ውጭ፣ በድምፅ ማጉያ ብቻ ስብከት እየሰማች ዓመቱን ጨረሰች? «ሲያድግ ይምጣ» እንላለን። እኛ የሰጠነው መልስ ይህ ከሆነ፣ ሲያድግ የሚመጣ ይመስላችኋል? ጌታችን እኮ ልጆቹን የከለከሉትን ደቀ መዛሙርቱን ነው የተቆጣው።

እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ። እናንተን ማን አስገባችሁ? በልጅነታችሁ በጭቃ እግራችሁ ስትገቡ ያላባረራችሁ ሰው የለም? በመዝሙር መሐል ስትጮኹ ጉልበታቸው ላይ ያስቀመጧችሁ አንዲት እናት የሉም? እኔ አሉኝ። ዛሬ እዚህ የቆምኩት እሳቸው ስላላባረሩኝ ነው፤ ስለ እሳቸው እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። እናንተም የእናንተን ሰው አስታውሱና አመስግኑ። አሁን፣ በልባችሁ፣ በስማቸው ጥሩና አመስግኑ።

አመሰገናችሁ? እንግዲያው ዞር በሉ። ኋላ በሩ ላይ አንዲት እናት ልጇን አዝላ ቆማለች፤ ስብከቱን ከጀመርኩ ጀምሮ ልጁን እሹሩሩ ስትል አያታለሁ፣ ለመግባት ፈርታ ነው። እናንተ የፊት ወንበር ላይ ያላችሁ፣ እባካችሁ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተም ወንድሜ፣ በሩን ወለል አድርገህ ክፈትላትና እስከዚህ ድረስ አምጣት። ልጁ ካለቀሰም ያልቅስ፤ እኛ እንጠብቀዋለን።