ደራሲዋ አህያና የቀበሮ ምክር

አንድ ጊዜ ከተራራ ሥር ባለ ሸለቆ ውስጥ መጽሐፍ የደረሰች አህያ ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ ጨውና እህል ተሸክማ ስትጓዝ ያየችውን፣ የሰማችውን፣ የሳቀችበትንና ያለቀሰችበትን ሁሉ በቃሏ ተናገረች። ጣት ያላት ጎረቤቷ ጦጣ ናትና እሷ ደግሞ በደረቀ የኮባ ቅጠል ላይ ጻፈችላት። ጦጣ እየጻፈች አንዴ ትስቃለች፣ አንዴ ዓይኗን ትጠርጋለች። ሲጠናቀቅም ስሙን «ከጭነት በታች» አሉት።

ጦጣ ብዙ ቅጂ አዘጋጅታ ዋሻዋ ውስጥ ደረደረችው። ዋጋው ለአንድ መጽሐፍ አንድ እቅፍ ሣር ሆነ።

«እንግዲህ አንባቢ መጠበቅ ነው» አለች ጦጣ።

ጠበቁ። ማንም አልመጣም። አራዊቱ ወሬውን ሰምተው፣ «አህያ ደግሞ ምን አውቃ ትጽፋለች?» እየተባባሉ ተሳሳቁ።

«ግድ የለም» አለች አህያ። «ለመጻፍ አልታከትኩም፤ ለአንባቢ ለማድረስም አልታክትም።»

ይህን የሰማ ቀበሮ ከጫካው ብቅ አለ።

«እመት አህያ፣ ሥራሽ ግሩም ድንቅ ነው!» አላት፣ አንድ ገጽ እንኳ ሳይገልጥ። «የጎደለሽ ጩኸት ብቻ ነው። እግዜር እንዲያ ያለ ጉሮሮ ሰጥቶሽ ዝም ትያለሽ? መንገድ ላይ ቁሚ፤ ውሃ ዳር ቁሚ፤ ሠርግም ለቅሶም አይቅርሽ። እምቢ ያለሽን ተከተዪው!»

«አይሰለቹኝም?»

«ይሰለቹ እንጂ! አንቺን ለመገላገል ሲሉ ይገዛሉ።»

«ለአንተስ ምን ይተርፍሃል?»

«ለእኔማ የአንቺ ደስታ ይበቃኛል» አለ ቀበሮ፣ ጅግሮች እንቁላል ወደሚታቀፉበት ቁጥቋጦ አሻግሮ እያየ።

በማግስቱ አህያ የወንዙ መውረጃ ላይ ተገትራ ቆመች። ሚዳቋ ውሃ ልትጠጣ ስትመጣ መንገዱን ዘጋችባት።

«ሚዳቋ! ‹ከጭነት በታች›ን አንብበሻል?»

«እባክሽ እናቴ፣ ውሃ ጠምቶኛል።»

«ቶሎ ነው የምነግርሽ! የመጀመሪያው ክፍል ስለ…»

ሚዳቋ ጥሟን ይዛ ተመለሰች። አህያ ከዚያ ወደ ጅግሮቹ ቁጥቋጦ ሄደችና ባለ በሌለ ድምፅዋ አናፋች። ጅግሮቹ ደንግጠው ሲበሩ ቀበሮ ከኋላ ገብቶ እንቁላላቸውን ለቃቀመ። አህያ አላየችውም፤ ጀርባዋን ሰጥታ ስለ መጽሐፏ ታናፋ ነበር።

የባሰው ግን በበግ ቤት የሆነው ነው። የበግ ግልገል ከገደል ወድቆ ሞቶባት አራዊቱ ለቅሶ ተቀምጠዋል። አህያ ገብታ፣ «እግዜር ያጥናሽ» አለች። ጥቂት ቆይታም ጉሮሮዋን ጠረገች።

«በነገራችን ላይ በመጽሐፌ ውስጥ ስለ ሐዘን የሚናገር ክፍል አለ። አንድ እቅፍ ሣር ብቻ ነው…»

በግ አንገቷን ደፋች። አሮጌው በሬ ቀስ ብሎ፣ «ልጄ፣ ይህን ለዛሬ ብትተዪው ምን ነበረበት?» አላት።

ከዚያ ወዲያ የአህያ ኮቴ ከሩቅ ሲሰማ ሁሉም ዘወር ይላል። ሰላምታ እንኳ የሚሰጣት ጠፋ። ቀበሮ ግን፣ «ጉልበት ቢያንስሽ ነው፤ አሻሻጭ እልክልሻለሁ» አላት።

አሻሻጩ አያ ጅቦ ሆኖ ተገኘ። ጅብ መጽሐፎቹን ተሸክሞ ወንዙ ዳር ወረደና የመጣውን ሁሉ፣ «መጽሐፍ ወይስ እግር?» ይል ጀመር። እግሩን የመረጠ አልነበረም። በአንድ ቀን ሁሉም ታድሎ አለቀ።

አህያ ዋሻው ባዶ መሆኑን ስታይ በደስታ ፈነደቀች። ወደ ወንዙ ስትወርድ ግን ልቧ ተሰበረ። መጽሐፎቿ ገሚሱ እሾህ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ገሚሱ ሣር ውስጥ ተጥሏል። የተገለጠ አንድም የለም።

ጅብ ከቋጥኝ ኋላ ብቅ አለ። «እመት አህያ፣ ሁሉን ጨረስኩልሽ! በይ ድርሻዬን።»

«የምን ድርሻ?»

«ቀበሮ፣ ‹መጽሐፉ ያለቀ ዕለት ደራሲዋ የአንተ ናት› ብሎኛል» አለና ምራቁን ዋጠ።

አህያ ግን ጨው ተሸክማ ስንት ገደል ያለፈች ናትና ልቧን አጠነከረች።

«ቃል ከሆነማ ቃል ነው፣ አያ ጅቦ። ለመሆኑ መጽሐፍ አለቀ የሚባለው መቼ ነው?»

ጅብ ለማሰብ ሞከረ። አልሆንልህ ሲለው ጆሮውን አከከ። «መቼ ነው?»

«አንባቢ እስከ መጨረሻው ሲያነበው ነዋ! እስካሁን አንብቦ የጨረሰ አይተሃል?»

«ኧረ እኔ የገለጠም አላየሁ!»

«ታዲያ ምኑ አለቀ?»

«ምኑም አላለቀማ!» ጅብ ዓይኑ ፈጠጠ። «ቀበሮ በነጻ አሠራኝ ማለት ነው! ቆይ፣ እሱን ካልበላሁ!»

ቀበሮን ፍለጋ ሮጠ። ቀበሮም ሲመጣ አይቶ ተፈተለከ። አንዱ እየሸሸ፣ አንዱ እያሳደደ ሸለቆውን ለቅቀው ወጡ፤ ከዚያ በኋላ በዚያ አገር አልታዩም።

አህያና ጦጣ መጽሐፎቹን ከእሾህ ላይ እየለቀሙ ሳሉ ጦጣ፣ «ይቅርብን ይሆን?» አለች።

«አይቀርም!» አለች አህያ። «የምተወው ሰው ማስጨነቁን ነው እንጂ መጽሐፉን አይደለም። ዋሻ ውስጥ ዝም ብለን ስንቀመጥ አንባቢ አላገኘንም፤ አንገቱን ስናንቀውም አላገኘንም። ሌላ መንገድ ይኖራል፤ እፈልገዋለሁ። አስቀድሜ ግን ይቅርታ ልጠይቅ።»

ሚዳቋን ይቅርታ ጠየቀች። የእንቁላላቸውን መበላት ሰምታ ጅግሮቹን ይቅርታ ጠየቀች፤ አዲስ ጎጇቸውንም የሚሸፍን ጭራሮ አመጣችላቸው። በመጨረሻ ባዶ እጇን በግ ቤት ሄዳ ዝም ብላ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ዛሬስ መጽሐፍሽን አልያዝሽም?» አለች በግ፣ ፊቷን ሳታዞር።

«አልያዝኩም። የመጣሁት ለአንቺ ነው። ያን ዕለት አስቀይሜሻለሁ፤ ይቅር በዪኝ።»

በግም፣ «ስለ ሐዘን ጽፌአለሁ ብለሽ ነበር። ከየት አመጣሽው?» ስትል ጠየቀቻት።

«ውርንጭላዬን ጎርፍ ወስዶብኛል።»

በግ ቀና አለች። «ምነው ታዲያ ይህን ሳትነግሪኝ?»

«ያን ዕለት የነገርኩሽ ዋጋውን ብቻ ነው» አለች አህያ።

«ነገ ይዘሽው ነይ። አንብቢልኝ።»

አህያ በማግስቱ ይዛው መጣች። ስለ ውርንጭላዋ የሚናገረውን ስታነብ ሁለቱም አለቀሱ። መጽሐፉን እዚያው ትታላት ወደ ቤቷ ሄደች።

ከቀናት በኋላ አሮጌው በሬ አህያን መንገድ ላይ አገኛት። «በግ ስለ መጽሐፍሽ ነገረችኝ። ቀትር ላይ ሁላችንም ከዋርካው ሥር እናርፋለን፤ እስቲ ለእኛም ጥቂት አሰሚን» አላት።

አህያ ሄደች። ከጭነት ጋር ገደል አፋፍ ላይ የተንጠለጠለችበትን ታሪክ አነበበች። ገመዱ ሊበጠስ ሲል አቆመች።

«ከዚያስ?» አለ በሬ።

«ከዚያማ የሚፈልግ ከጦጣ ዘንድ ያገኘዋል» አለች አህያ ፈገግ ብላ። «የማይፈልግም ደኅና ይዋል፤ ሰላምታችን አይቋረጥም።»

አንዳንዶቹ ወደ ጦጣ ሄዱ። ሌሎቹ ወደ ግጦሻቸው ተመለሱ፤ አህያም አልተከተለቻቸውም። በየሳምንቱ ግን እዚያው ዋርካ ሥር መምጣቷን አልተወችም። አንድ ጊዜ ሰሚዎቿ ኤሊና ቀንድ አውጣ ብቻ ነበሩ። ለእነሱም አገር ሙሉ እንደተሰበሰበ አድርጋ አነበበችላቸው። ኤሊ የሰማችውን ይዛ ቀስ እያለች በየሰፈሩ አዳረሰችው።

ከዕለታት አንድ ቀን አይተዋት የማያውቋት ድኩላ ከተራራው ማዶ ተጉዛ፣ አቧራ ለብሳ ዋሻው ደጃፍ ቆመች።

«‹ከጭነት በታች› የሚባል መጽሐፍ ያለው እዚህ ነው?»

«እዚህ ነው» አለች አህያ ተገርማ። «ከማዶ ድረስ ማን ላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም። አንዲት በግ ለግጦሽ ወደ እኛ መጥታ ስታነብ አየኋት። አለቀሰች፤ ቅጠሉን ገልጣ ደግሞ ከት ብላ ሳቀች። ‹እስቲ አውሺኝ› ብላት፣ ‹የራሴንስ አልሰጥም፤ ሄደሽ የራስሽን አምጪ› አለችኝ።»

አህያ መጽሐፉን አንስታ ሰጠቻት። ድኩላም ወደ አገሯ እስክትመለስ መታገሥ አቅቷት እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠች።

ከዚህ የምንማረው፣ ደራሲ ሥራውን በታካችነት ሳይደብቅ፣ በሰውም ላይ በግድ ሳይጭን፣ አንባቢውን አክብሮ በጽናት ካቀረበው መጽሐፉ ከአንባቢ ወደ አንባቢ ራሱ እየሄደ እንደሚደርስ ነው።