የላእኬ ከንፈር

በወይራ አምባ ኪዳነ ምሕረት በእንጨትና በቆዳ የተደጎሰ መጽሐፍ እጁ የገባ ሰው፣ የመጨረሻውን ቅጠል ገልጦ የኋላውን ገበታ ውስጡን ቢመለከት፣ በእንጨቱ ላይ የተለጠፈው ብራና በሦስት ጎኑ ጥብቅ ብሎ በታችኛው ጎኑ ሳይለጠፍ እንደ ቀረ ያያል። ጣት ቢያስገቡበት ብድግ ይላል። የአገሩን ልማድ የማያውቅ እንግዳ የደጓሹ ስንፍና ይመስለዋል፤ እንዲያውም አንድ ጊዜ ከከተማ የመጣ ቅን ሰው ለደብሩ ውለታ የዋለ መስሎት፣ ሙጫ ይዞ አሥራ አንድ መጻሕፍት አንድ በአንድ ለጥፎ ሲጨርስ ካህናቱ ደረሱበትና፣ ምርቃት ሲጠብቅ ዱላ ቀረሽ ቁጣ ጠበቀው ይባላል። ያ ሳይለጠፍ የሚቀረው ጠርዝ «የላእኬ ከንፈር» ነው የሚባለው። በወይራ አምባ ከንፈሩን የዘጋ ደጓሽ፣ ሥራው የቱንም ያህል ቢያምር፣ መጽሐፉ አይባረክለትም።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት ነገሩ የጀመረው ታላቁ ፈንጣጣ ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። በየትኛው ንጉሥ ዘመን እንደ ነበር ግን አይስማሙም፤ የላይኛው መንደር አንዱን ይጠራል፣ የታችኛው መንደር ሌላውን፣ ለመስማማትም ያሰበ የለም። በዚያን ጊዜ በወይራ አምባ ላእከ ማርያም የሚባል ደጓሽ ነበረ፤ አገሩ ሁሉ ላእኬ እያለ ይጠራው ነበር። የዋንዛውን ገበታ ቀይ ቆዳ አልብሶ፣ በእሳት የጋለውን ብረት አሳርፎ መስቀሉንና ሐረጉን ሲያትምበት እጁ አንዲት ጊዜ እንኳ አትስትም ነበር። እሱ የደጎሰው መጽሐፍ ሲገለጥ አያቃስትም፣ ሲከደንም ድምፅ አያሰማም ይባል ነበር።

የተነፈገው ድምፅ ብቻ ነው። ገና ተማሪ ሳለ ዜማ ጀምሮ ነበር፤ መምህሩ መሪጌታ ጽጌ ብርሃን ሁለት ክረምት ሙሉ ከታገሡት በኋላ «ልጄ፣ ላንተ የተሰጠህ እጅ ነው፤ ጉሮሮህን ተወው» ብለው ወደ ብራና ፋቂዎቹ ሰደዱት። ላእኬ በሰው ፊት በራሱ ይቀልዳል፤ «እኔ ዜማ ካነሣሁ የአለቃው በቅሎ ገመድ በጥሳ ትሄዳለች» ይላል። ብቻውን ሲሆን ግን ይቆጨው ነበር። በበዓል ቀን መዘምራኑ ተሰልፈው ሲቆሙ እሱ ከሕዝቡ መካከል ሆኖ፣ ድምፅ ሳያወጣ፣ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅስ ነበር ይባላል።

ወይራ አምባ የራሱ ዜማ ነበረው። በየካቲት አሥራ ስድስት፣ ታቦቱ ወጥቶ ደጀ ሰላሙ ላይ ሲደርስ ብቻ የሚዜም፣ ሌላ ደብር የማያውቀው ዜማ ነበርና እሱን ለመስማት ሕዝቡ ከሩቅ አገር ስንቁን ይዞ ይመጣ ነበር። ዜማውን የሚያውቁት አሥራ ሁለት መዘምራን ናቸው፤ ሁሉም በቃላቸው። በቃል የተያዘን ነገር ከጽሑፍ እያዩ ማዜም በወይራ አምባ እንደ ነውር ይቆጠር ስለ ነበር፣ የጥንት ሰዎች ዜማውን ከነምልክቱ የጻፉበትን አንድ ትልቅ ብራና የሚገልጠው አልነበረም። ብራናው የተጻፈው በአንድ ፊቱ ብቻ ነው፤ ከቃሉ በላይ በቀይና በጥቁር ቀለም፣ ከጤፍ ብዙም የማይበልጡ ምልክቶች ተደርድረውበታል፤ ጀርባው ነጭ ነው። ማን እንደ ጻፈው የሚያውቅ የለም። ያን የመሰለ ትዕግሥት የነበረው ሰው ስሙን እንኳ ከግርጌው አላኖረም። በዕቃ ቤቱ ጥግ ተጠቅልሎ ጠርዙን አይጥ ቀምሶታል።

በዚያው ዓመት የአገሩ ፍየል በበሽታ አልቆ ብራና ጠፋ። ደብሩ ደግሞ ሦስት አዳዲስ መጻሕፍት አስጽፎ የቀራቸው ድጉስ ብቻ ነበር። ላእኬ የገበታዎቹን ውስጥ የሚለጥፍበት ቢያጣ ያን አሮጌ ብራና አንሥቶ ወደ መምህሩ ሄደ። መሪጌታ ከወይራው ሥር ተቀምጠው ነበር።

«የኔታ፣ ይሄ ብራና ይፈለግ ይሆን?» አላቸው።

መሪጌታ ብራናውን ሳይዘረጉ ደረታቸውን መታ መታ አደረጉ። «እዚህ ያለውን ነገር ማን ብሎ ከዚያ ይፈልገዋል? ውሰደው ልጄ፣ አይጥ ከሚበላው ላንተ ይሁን።»

ላእኬም ብራናውን ለሦስቱ መጻሕፍት የኋላ ገበታ ከሦስት ቆረጠው። ነጩ ጀርባ እንዲታይ፣ የተጻፈበት ፊት ከእንጨቱ ጋር ተጣብቆ እንዲደበቅ አድርጎ ለጠፈው። ሁለቱ መጻሕፍት በደብሩ ቀሩ። ሦስተኛው፣ ላእኬ በዕድሜው ካበጃቸው ሁሉ የበለጠው፣ ከገደሉ ማዶ ላለው ለድንጓ ሚካኤል ስጦታ ሆኖ ሄደ። የሁለቱን ብራና በዱቄት ሙጫ ሲለጥፍ፣ ለዚህኛው ግን ከቆዳ ትርፍራፊ አንጥሮ ያወጣውን የራሱን ሙጫ አፍስሶበታል፤ «ይሄን ሞት ካልሆነ የሚለየው የለም» እያለም ይኩራራ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ፈንጣጣው ገባ። በአንድ ክረምት ከአሥራ ሁለቱ መዘምራን አሥራ አንዱን ወሰደ። መሪጌታ ጽጌ ብርሃን ብቻ ተረፉ፤ እሳቸውም ከአርባ ቀን ትኩሳት በኋላ ሲነሡ የዜማው መካከል ከልባቸው ጠፍቶ ተገኘ። መነሻውን ያዜሙታል፣ መድረሻውንም ያገኙታል፤ መካከሉ ላይ ሲደርሱ ግን ወንዝ ሞልቶ እንዳገደው መንገደኛ ቀጥ ይላሉ። በየቀኑ ረፋድ ላይ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመው ይጀምራሉ፣ እዚያችው ቦታ ላይ ያቆማሉ፤ መንደሩም በየቤቱ ሆኖ ይሰማል። ለበዓሉ ሁለት ወር ሲቀር የደብሩ ሰዎች ተሰብስበው፣ ከእንግዲህ የሌላ ደብር ዜማ ተበድረን እናዚም እስከ ማለት ደረሱ። መሪጌታ ይህን ሲሰሙ ምግብ ተዉ።

ላእኬ ብራናው የት እንዳለ ያውቃል። መሪጌታም ብራናውን ለማን እንደ ሰጡ ያውቃሉ። አንዱ የቆረጠበት እጁ አሳፍሮት፣ ሌላው ደረታቸውን የመቱበት ትዕቢት አሳፍሯቸው፣ በመንገድ ሲገናኙ ዓይን ለዓይን መተያየት ፈርተው ይተላለፉ ነበር። ይህን ያየችው የላእኬ ሚስት ስነ ማርያም ናት። አንድ ቀን ቆዳውን ይዞ ምንም ሳይሠራ ፈዞ ቢውልባት፣ ከፊቱ መጥታ ቆመች።

«አንተ ሰው፣ ሽማግሌው እየሞቱ ነው።»

«የዜማውን አንገት የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ምን ብዬ ከፊታቸው ልቁም?»

«ይሄንኑ ብለህ ቁማ! እጅህን እያየህ ብትውል ዜማው ከእጅህ ላይ አይበቅልም።»

ላእኬ ያን ጊዜውኑ ተነሥቶ ሄደና ከመምህሩ እግር ላይ ወደቀ። የሆነውን ሁሉ ነገራቸው። መሪጌታም «ቢላው ያንተ ቢሆን፣ ፈቃዱ የእኔ ነበር» አሉና እጁን ይዘው አስነሡት። «ይልቅ መውጣት ይችል እንደሆነ ንገረኝ።»

በውኃ ቢዘፈዘፍ ቀለሙ ይታጠባል፤ ቢላ ቢገባበት ምልክቱ ይፋቃል። ስለዚህ ላእኬ፣ እንደሚነገረው፣ ከንፈሩን ከብራናው ጠርዝ አስጠግቶ በትንፋሹ ያሞቀው ጀመር። እፍ እያለ ያረጥበዋል፣ ሙጫው ሲለሰልስ ጤፍ ታህል ያነሣዋል፣ ደግሞ እፍ ይላል። ለአንዱ ገበታ ሦስት ቀን ፈጀበት ይላሉ፤ ሰባት ነው የሚሉም አሉ፣ ሳል የያዘው ያኔ ነው የሚሉም አሉ። ከሁለቱ መጻሕፍት የወጣው ብራና ቀለሙ እንደ ትናንት ሥራ ያበራ ነበር። መሪጌታ ተንበርክከው አነበቡትና ቀና አሉ። አንዱ የዜማው መነሻ ነው፣ ሌላው መድረሻው፤ ማለትም የሚያውቁት። የጠፋቸው መካከል ያለው ከገደሉ ማዶ፣ በዚያ ሞት ካልሆነ የሚለየው የለም በተባለለት መጽሐፍ ውስጥ ነው።

ሁለቱ ሰዎች ገደሉን ወርደው ወጥተው ድንጓ ሚካኤል ደረሱ። የድንጓው አለቃ ምናሴ ያን መጽሐፍ በየሰንበቱ ለሕዝብ አውጥተው የሚያሳልሙ ሰው ነበሩና የመጡበትን ሲሰሙ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«የሰጣችሁንን መጽሐፍ እንደ በግ ልትገፍፉት መጣችሁ?»

«አለቃ፣ ያለበስኩት እኔ ነኝ» አለ ላእኬ። «ማውለቁንም ለእኔ ይተዉልኝ።»

አለቃ ምናሴ የመሪጌታን የከሳ ፊት አዩ። «እንግዲያው እዚሁ፣ ዓይናችን እያየ» አሉ።

ላእኬ ከዋርካው ጥላ ተቀምጦ ሁለት ቀን ሙሉ ሲተነፍስበት ዋለ። ሙጫው ንቅንቅ አላለም። በሦስተኛው ቀን ጥዋት ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ መጽሐፉን በጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ያን የራሱን መስቀል፣ ሰው ሁሉ ጣቱን እየሰደደ የሚያደንቀውን ሐረግ በመዳፉ አንድ ጊዜ ዳበሰው። ከዚያ መሮ አምጡልኝ አለ።

ሽማግሌዎች እዚህ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ላእኬ ቆዳውን ገፎ ጣለው። ገበታውን ከውጭ በኩል፣ ከመስቀሉ መካከል ጀምሮ፣ ስንጥር በስንጥር ይጠርበው ጀመር። አለቃ ምናሴ ጋቢያቸውን ዓይናቸው ላይ ጣሉ። በዕድሜው ከሠራው ሁሉ የሚበልጠው ሥራ ስብርባሪ ሆኖ እግሩ ሥር ሲከመር፣ እጁ እንደ ቀድሞው አንዲት ጊዜ እንኳ አልሳተችም፤ መሮው ብራናውን ሳይነካ እንጨቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳሳ፣ የቀረውንም በትንፋሹ አነሣው። ሰው የሚመሰገነው በሚያበጀው ነው፤ ወይራ አምባ ግን ላእኬን እስከ ዛሬ የሚያመሰግነው በዚያ ቀን ባፈረሰው ነው።

መሪጌታ ብራናውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ ምልክቱን በዓይናቸው እየተከተሉ አዜሙት። ድምፃቸው መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ኋላ ጠና። የድንጓ ካህናት ከየጎጇቸው ወጡ። ሲጨርሱ አለቃ ምናሴ ጋቢያቸውን ከፊታቸው አነሡ፤ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር።

«ገልብጣችሁ ውሰዱ» አሉ። «ቁራጩ ግን ከመጽሐፉ ጋር የተሰጠን ነውና አይሄድም። አዲስ ገበታ አብጅለትና መልሰህ ለጥፈው፤ ታችኛውን ጎን ግን ተወው። ዜማው ደግሞ የጠፋባችሁ ዕለት መጥታችሁ ታዩታላችሁ።»

ላእኬ እንደ ታዘዘው አደረገ፤ ወይራ አምባ ተመልሶም በቀሩት ሁለቱ መጻሕፍት ላይ እንደዚያው ሠራ። ደቀ መዛሙርቱም ከዚያ በኋላ ሌላ ዓይነት አለጣጠፍ አልተማሩም።

ሦስቱ ቁራጮች ተገልብጠው ጎን ለጎን ሲነበቡ ግን አንዲት ነገር ጎደለች። ላእኬ ብራናውን በቆረጠ ጊዜ መካከለኛውን ቁራጭ ለገበታው ልክ ሊያደርግ ከጠርዙ አንዲት ቀጭን ክር ታህል ቀርጥፎ እሳት ውስጥ ጥሏት ነበር። ከክሯ ጋር ጥቂት ምልክቶች ሄደዋል።

«የኔታ፣ እርስዎ እኮ ዜማ ያውቃሉ፤ ይሙሉት። ማን ይለየዋል?» አለ ላእኬ አንገቱን ደፍቶ።

«እኔ እለየዋለሁ» አሉ መሪጌታ። «የማላውቀውን እንደማውቅ አድርጌ አንድ ጊዜ ደረቴን መትቻለሁ፤ ይበቃኛል። እዚያ ስንደርስ ዝም እንላለን።»

የካቲት አሥራ ስድስት ደረሰ። መሪጌታ በቀሩት ሳምንታት ያስተማሯቸውን አዳዲስ መዘምራን አሰልፈው፣ ላእኬን ከሕዝቡ መካከል በስሙ ጠሩት። ከመዘምራኑ ተርታ፣ ከራሳቸው ቀጥሎ አቆሙት። ሰውየው አፈረ፤ «የኔታ፣ እኔ እኮ ድምፅ የለኝም» ቢላቸው፣ «አውቃለሁ፣ እኔ አይደለሁ ያባረርኩህ?» አሉት ይባላል። ታቦቱ ደጀ ሰላሙ ላይ ሲደርስ ዜማው ተነሣ። ቢላው ያለፈበት ቦታ ሲደርሱ ሁሉም ጸጥ አሉ፤ መሪጌታም ወደ ላእኬ ዞረው «ይህች ያንተ ናት» አሉት። ላእኬ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አንድ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰ። ከዚያ በኋላ ዜማው ቀጠለ።

ዛሬም በወይራ አምባ በዚያ በዓል ቀን የዘመኑ ደጓሽ ከመዘምራኑ ጋር ይቆማል፤ አያዜምም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሌላ አገር የተሾመ አንድ ድምፀ መረዋ መሪጌታ ክፍተቷን በራሱ ዜማ ሞልቶ አልፏት ነበር አሉ፤ ያማረ ነበር፣ ይህን የሚክድ የለም። መዘምራኑ ግን አልተከተሉትም። ብቻውን ጥቂት ሄዶ ዝም አለ። ሁሉም ወደ ደጓሹ ዞረው ቆመው ነበር፤ ደጓሹ እስኪተነፍስ ድረስ የቀጠለ ሰው የለም።