የበረቱ ተራ

አንድ አፈሩ የሳሳ የገጠር መንደር ነበር። መሬቱ ያለ ፍግ እህል አይሰጥም፤ ስለዚህ ነዋሪው ከአባቶቹ የወረሰው ዘዴ ነበረው። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ የሁሉም ከብት በአንድ ትልቅ በረት ይታጎራል። በረቱ ዛሬ በአንዱ ማሳ ላይ፣ ሰንበት ብሎ ደግሞ በሌላው ማሳ ላይ እየተተከለ መሬቱን ሁሉ በተራ ያዳርሳል። ከብት የሌለው ድሃ እንኳ ተራው አይቀርበትም። ወንዶቹም ጦራቸውን ይዘው፣ እሳት እያነደዱ በረቱን በጋራ ይጠብቃሉ። ጅቡ ከጫካው ዳር ሆኖ ይጮሃል እንጂ አይደፍርም ነበር።

በዚህ መካከል ማዳበሪያ መጣ። ቀድሞ የገዛው አንለይ የሚባል ትጉ ገበሬ ነው። ምርቱ እጥፍ ሆነለት። በዓመቱ "ከእንግዲህ የእኔ ከብቶች ሰው ማሳ ላይ ምን ያደርጋሉ?" አለና በሬዎቹንና ላሞቹን ከጋራው በረት አውጥቶ ጓሮው አሰራቸው። ማንም አልተቆጣውም፤ እንዲያውም ቀኑበት። ቀስ በቀስ ሁሉም እንደሱ አደረገ። የጋራው በረት አጥር ተነቅሎ ማገዶ ሆነ፣ ጎተራው ሞላ፣ መንደሩም ጠገበ። ጠግቦ የሚያስብ ደግሞ ጥቂት ነው።

አንድ ቀን ለዓይን ያዝ ሲያደርግ የጎረቤቱ የቢያድግልኝ ጩኸት ተሰማ።

"የሰው ያለህ! ጅብ! ጅብ በላኝ!"

አንለይ ጦሩን አንስቶ ወደ በሩ ሮጠ። በሩ ላይ ሲደርስ ግን ከጓሮ የራሱ በሬ አጓራ፤ እግሩ ተሳሰረ።

"ምን ያቆምሃል? ውጣ እንጂ!" አለችው ሚስቱ ትሁኔ።

"እኔ ስወጣ የእኛዎቹ ላይ ቢመጣስ? ማን ይጠብቃቸዋል?"

ወዲያው በየቤቱ የበር መወርወሪያ ሲወረወር ተሰማቸው፤ ቋ፣ ቋ እያለ ከደጅ ደጅ ይሄዳል። ጩኸቱ እየቀጠነ መጣ። አንለይም የራሱን በር ዘጋ።

ሲነጋ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ መንደርተኛው ሁሉ ጦሩን ተሸክሞ ቢያድግልኝ ደጅ ተሰበሰበ። በሬዎቹ ተበልተዋል፤ የራሱም ግራ ክንድ እስከ ትከሻው ተዘንጥሏል። አንለይ እግሩ ላይ ወደቀ።

"ማረኝ ወንድሜ! ሰምቼህ ነበር።"

"ምን አጥፍተህ ነው የምምርህ?" አለ ቢያድግልኝ ቀስ ብሎ። "የጮህኸው አንተ ብትሆን እኔም አልወጣም ነበር።"

ቢሰድበው፣ ቢረግመው በተሻለው! ነገ እሱ ሲጮህም ያ ሁሉ በር ሊዘጋበት ነዋ። ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ባዘቀዘቀች ቁጥር የሞላ ጎተራውን ተደግፎ ጫካ ጫካውን ያያል።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ባለሙያ የማዳበሪያውን ውጤት ሊገመግም መጣ። ስለ ምርቱ ሰምቶ ከተደሰተ በኋላ "ያመጣባችሁ ጉዳትስ አለ?" ብሎ ጠየቀ።

"የጅብ ፍርሃት አመጣብን፣ ጌታዬ" አለ አንለይ።

ባለሙያው ሳቀ። "ማዳበሪያ ጅብ አይጠራም እኮ!"

"አይጠራም። ግን ይሰበስበን የነበረው ፍጉ ነው። ሌላ መሰብሰቢያ ሳናበጅ እሱን ተውነው።"

ባለሙያው ሳቁን ዋጠ። አንለይ በዚያው ቀን ከብቶቹን እየነዳ ቢያድግልኝ ማሳ ላይ ደረሰና አጥር ያጥር ጀመር። ቢያድግልኝ ክንዱን እንደታሰረ ወጣ።

"መሬቴ እኮ ማዳበሪያ አግኝቷል፤ ፍግ አይፈልግም" አለው።

"ለመሬቱ መቼ መጣሁ?" አለ አንለይ።

ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። ሁለቱ እሳት አንድደው፣ በሦስት እጅ አጥሩን እያጠበቁ መንገዱን ያያሉ። መንደርተኛው በየደጁ ቆሞ ይመለከታቸዋል። ከጫካው በኩል ጅብ ጮኸ። ገና ማንም አልመጣም።

ወዳጄ ሆይ፣ ማዳበሪያው እህል ጨምሯል፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ስህተታቸው ጥቅሙን በጎተራ ብቻ መለካታቸው ነው። አዲስ ነገር ወደ ቤትህ ስታስገባ ምን እንደሚጨምርልህ ብቻ አትጠይቅ፤ የምታስወጣው አሮጌ ነገር ሳታውቀው ምን ይሠራልህ እንደነበርም መርምር። እስኪ ጎረቤቶችህን አንድ በአንድ አስባቸው፤ ዛሬ ማታ ብትጮህ በሩን ከፍቶ የሚወጣልህ ማን ነው?