ቅቤ የጠገበች ጠመንጃ

አንድ ባላገር ነበር፤ ደምለው ይባላል። ከሟች አባቱ የወረሳት፣ ባሩድ በአፈሙዟ የምትጎርስ ጠመንጃ ነበረችው። ማሽላ ሲያሽት ከርከሮ ከጫካ እየወረደ ማሳውን ያወድም ስለነበር የቤቱ የዓመት ቀለብ የሚተርፈው በእሷ ነው።

ደምለው ጠመንጃውን ይወዳታል። ተኩሶ በተመለሰ ቁጥር ቅቤ ቀብቶ፣ በጨርቅ ወልውሎ፣ ፊቱን እስኪያይባት አብለጭልጮ ይሰቅላታል። ውሃ ግን አያስነካትም። ብረት በውሃ የሚያጥብ ሞኝ የት አለ?

አንድ ዓመት ከርከሮዎቹ እንደልማዳቸው መጡ። ደምለው አነጣጥሮ ቃታ ሳበ። ጠቅ አለች እንጂ አልተኮሰችም። ደገመ፤ ያው ነው። እሱ ከጠመንጃው ጋር ሲታገል መንጋው የማሳውን እኩሌታ ጨረሰ። በማግስቱ ወደ ሽማግሌው ጠመንጃ ጠጋኝ፣ ወደ አያ ገላዬ ገሠገሠ።

“ባሩድ የሸጠልኝ ሰውዬ አታሎኛል። ጠመንጃዋማ እንከን የላትም፤ ይዩዋት እንዴት እንደምታበራ!” አለ።

አያ ገላዬ ማብራቷን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። የጎረሰችውን ባሩድ በጥንቃቄ አራገፉና በዘንግ ጫፍ ነጭ ጨርቅ ጠምጥመው ወደ ውስጥ ሰደዱ። ጨርቁ ዝገት ለብሶ ወጣ።

“ልጄ፣ ታጥባት ነበር?”

“ኧረ በስመአብ! አባቴ ቅቤ ሲቀቧት እንጂ ሲያጥቧት አይቼ አላውቅም።”

“አባትህማ በተኮሱባት ቀን ጓሮ ውሃ አፍልተው፣ ጥላሸቱ ተጠራርጎ እስኪወጣ ያንቆረቁሩባት ነበር። ውሃው ትኩስ ስለሆነ ብረቱ ወዲያው ይደርቃል። ቅቤው ከዚያ በኋላ ነው። የባሩድ ጥላሸት እርጥበት ይስባል፤ አንተ በላዩ ስትቀባ ከውስጥ በላት። ካሁን በኋላ ብትተኩስባት ፊትህ ላይ ትፈነዳለች።”

ደምለው እንባው መጣ። ዝገት የለበሰውን ጨርቅ እያየ፣ “አያ ገላዬ፣ ባለፈው ወር ሚስቴን ሰው ፊት አዋረድኳት። በማግስቱ ነጠላ ገዛሁላት፤ ተቀበለችኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ከምሳና ከእራት በቀር የምታወራኝ ነገር የለም” አለ።

ሽማግሌው “ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ? ሂድ እንጂ!” አሉት።

ሚስቱን ዘርፌን በር ላይ አገኛት። “ያን ቀን ያልኩሽ ምን ያህል እንዳመመሽ ንገሪኝ” አላት። እሷም ነገረችው። እያንዳንዱ ቃል አንገበገበው፤ ግን አላቋረጣትም። ስትጨርስ “ጥፋቱ የኔ ነው” አለ፤ ሌላ ምንም አልጨመረበትም። ያን ዓመት የተረፈውን ማሽላ ሁለቱ ማሳው ዳር ተቀምጠው፣ ተራ በተራ ጅራፍ እያጮሁና እያወሩ ጠበቁት።

ወዳጆቼ፣ ስጦታም ጣፋጭ ቃልም ክፉ አይደለም። ነገር ግን ቅያሜው ሳይወጣ በላዩ ከቀባነው ከእኛ ዓይን ይሰውረዋል እንጂ ከሰውየው ልብ አያጠፋውም። ያስቀየምነው ሰው ሕመሙን ሲነግረን መስማት ያቃጥላል፤ የሚያጠራውም እሱ ነው። እናንተስ፣ በስጦታ አባብላችሁ ያለፋችሁት፣ እስከ ዛሬ ግን ያላዳመጣችሁት ሰው ማን ነው?