የአቶ ይርዳው ጢም

ሰው በማያገባው ጠብ ውስጥ ዘው ብሎ ሲገባ እኛ ሰፈር የምንላት ነገር አለች። የተገኘችው ከኳስ ሜዳ ዳር ነው። ያን ቀን እኔም ነበርኩ፤ ስለዚህ ማንም እያጣመመ እንዳይነግራችሁ።

የክረምት ጨዋታ ፍጻሜ ነበር፣ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ልጆች። የላይ ሰፈሩ በረኛ ናሁሰናይ የአቶ ይርዳው ልጅ ነው። አቶ ይርዳው ደግሞ ጢማቸውን ጠዋት ጠዋት ቅቤ እየቀቡ፣ ጫፉን እየጠቀለሉ የሚያሳድጉ ሰው ናቸው። ታዲያ ጨዋታው ሳይጀመር በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

"በልጄ ላይ አንዲት ጎል ብትገባ ይህን ጢሜን ሙልጭ አድርጌ እላጨዋለሁ! ልጄ እኮ ባሕር ዛፍ ነው፤ እጁን ሲዘረጋ ደመና ይነካል!"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ! ሰው ሁሉ ሰማ።

የኛ ሜዳ ጎል ሁለት ድንጋይ ነው፣ አግዳሚ የለውም። ሕጉን የማያውቅ የለም። በረኛው ዘሎ እጁ የሚደርስበት ከሆነ ጎል፣ ካልደረሰበት "ላይ ነው" ተብሎ ይታለፋል።

ጨዋታው ያለ ጎል ሊያልቅ ሲል የወይዘሮ ብርነሽ ልጅ ታምሩ ኳሷን ከሩቅ ለጋት። ናሁሰናይ ዘለለ፤ ኳሷ ከራሱ በላይ አልፋ ከድንጋዮቹ ኋላ ወደቀች።

"ጎል!" ብለው ወይዘሮ ብርነሽ እልልታቸውን አቀለጡት።

"ላይ ነው!" አሉ አቶ ይርዳው፣ ጢማቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው።

"እንዴት ነው ላይ የሚሆነው? 'የልጄ እጅ ደመና ይነካል' አላልክም?" አሉ ወይዘሮ ብርነሽ።

"ማን? ይህ ድንክ? ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ እግዜርን ፍሪ! እቤት መደርደሪያው ላይ ያለው ስኳር ጋ እንኳ አይደርስም። አጭርነቱን ከእናቱ ወገን ነው የወረሰው!"

ባለቤታቸው ከጎን ሆነው፣ "የኔ ወገን ደግሞ ምን አደረገህ?" ቢሉ ማን ይስማቸው! የዳኛውንም ፊሽካ የሰማ የለም። ሜዳው ለሁለት ተከፍሎ ሰው ሁሉ ይጮሃል።

ጋሽ ወንዳፍራሽ የሰፈሩ አስታራቂ ናቸው። "ኧረ ተዉ! ልጁ ራሱ ይጠየቅ" ብለው ናሁሰናይን አስጠሩት።

"ጎል ነው" አለ ልጁ። "ጣቴን ነክታኝ ነው የገባችው።"

"ዝም በል!" አሉ አባቱ። "አንተ ደግሞ የት ሆነህ አየሃት?"

ይህን ጊዜ ሜዳው በሳቅ ፈነዳ። እኔ ግን ልጁ አንገቱን ሲደፋ አንጀቴን በላው። እውነት ተናግሮ መገሠጽ አለ እንዴ?

የወይዘሮ ብርነሽ ባል አቶ ጎሹ "ምላጭ አምጡ!" እያሉ ጣታቸውን ወደ ጢሙ ሰደዱ። በማግስቱ ጢሙ መላጨቱ አልቀረም፤ ያን ቀን ግን አቶ ይርዳው ጢሜን ከምነካ ሞቴን ብለው አቶ ጎሹን በኮሌታቸው አንቀው ያዟቸው። የላይ ሰፈር አባት የታች ሰፈርን አባት ይጎትታል፣ እናቶቹ በጃንጥላ ይሞሻለቃሉ። ጋሽ ወንዳፍራሽም ሊገላግሉ ገብተው ባርኔጣቸው ተረግጦ፣ በአንድ እግር ጫማ ወጡ።

እያለከለኩ ዳር ላይ ቁጭ ሲሉ ወዲያ ማዶ የልጆች ሳቅ ሰሙ። ለካ ልጆቹ ሰልችቷቸው ሁለቱን ቡድን ቀላቅለው አዲስ ጨዋታ ጀምረዋል። ናሁሰናይ የታምሩን ትከሻ አቅፎ፣ "በናትህ፣ ያችን ኳስ እንዴት አድርገህ ነው የመታሃት? አሳየኝ" ይለዋል፤ ታምሩም እግሩን እንዴት እንደሚያጥፍ ያሳየዋል።

ጋሽ ወንዳፍራሽ አንዴ ልጆቹን፣ አንዴ አቧራ ላይ የሚንከባለሉትን አባቶች አዩና ራሳቸውን ነቅንቀው፣ "አይ ጉድ! ተጫዋች ታረቀ፣ ተመልካች ተናነቀ" አሉ።