የሥራ አስኪያጁ የስንብት ዜማ

አንድ ሥራ አስኪያጅ ነበሩ፣ ጉራቸው ከቢሯቸው የሰፋ። ጡረታ ሊወጡ ሲሉ፣ «በስንብቴ ዕለት ራሴ ፒያኖ ተጫውቼ ሠራተኛውን አስለቅሳለሁ» አሉ። መማር ከጀመሩ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ጀማሪም አይባሉ፣ አዋቂም አይባሉ። የመሥሪያ ቤቱ ክበብ ፒያኒስት ለጣታቸው የማይከብዱ፣ አንጀት የሚበሉ ሦስት ዜማዎች መረጠላቸው።

በልምምዱ ዕለት ሦስቱንም ተጫወቱ። ሠራተኛው ግን ጭራሽ ፊቱ ፈካ።

«አንተ!» ብለው ፒያኒስቱ ላይ ጮኹ። «ነገ አንድ ሰው እንኳ ካላለቀሰ፣ የመጨረሻ ፊርማዬ ያንተ ማባረሪያ ነው!»

«ዜማውስ ምንም አልጎደለው ጋሼ» አላቸው። «ነገ ከሦስቱ የፈለጉትን ይጫወቱና ሲጨርሱ ‹መሄዴን ትቻለሁ› ይበሉ። መጀመሪያ የማለቅሰው እኔ ነኝ።»