ከጂም ለመውጣት የተነገረ መርዶ

አንድ ሰው ነበረ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ «ተውኩት» የምትለው ቃል ብቻ ከአፉ አትወጣለትም። ወለተ ሐና፣ አንቺም እንደሱ ስለሆንሽ ነው የማነሣልሽ። «አባ፣ የጂም ውል ፈርሜ መውጫው ጠፋኝ፤ እናቴ ታማብኛለች ብላቸው ኃጢአት ይሆንብኛል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። እኔ ጂም ገብቼ አላውቅም፤ በዚህ ወገቤ ምን ላደርግ! ይልቅ ተቀመጪና ስሚኝ፤ ስልክሽንም ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው።

ይህ ሰው የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር። ቁጭ ብሎ ይውላል፣ ቁጭ ብሎ ያመሻል። ሆዱ ቀበቶውን አልፎ ሲወጣ ጓደኞቹ ይቀልዱበት ጀመር። ቢጨንቀው ሰፈሩ አጠገብ ካለው ጂም ሄዶ የአንድ ዓመት ውል ፈረመ። አላነበበውም። ማን ያነባል? አንቺስ መች አነበብሽ! መጀመሪያ ሰሞን ደኅና ሄደለት። ከዚያ ጉልበቱን አመመው፣ ጠዋት መነሣት አስጠላው፣ ብረቱን ገና ሲያየው ይደክመው ጀመር። ልውጣ ብሎ ቢጠይቅ ውሉን አውጥተው አሳዩት፤ ዓመቱ ሳይሞላ የሚለቀቀው የታመመ፣ ከተማውን የለቀቀ፣ ወይም ከባድ ሐዘን የደረሰበት ሰው ብቻ ነው ይላል።

ባለጂሙ ደግሞ ደግ ሰው ነው። «ጋሼ፣ ዛሬስ እንዴት ነዎት? በርቱ እንጂ!» እያለ ትከሻውን መታ መታ ያደርገዋል። እንዲህ ያለውን ሰው ፊት ለፊት «ሰልችቶኛል» ማለት አቃተው፤ ይሉኝታ ያዘው። አየሽ፣ ሰው ላለማስቀየም ብሎ የሚዋሽ ሰው ራሱን እንደ ደግ ነው የሚቆጥረው። እኔን የሚያናድደኝም እሱ ነው።

እናም ቁጭ ብሎ አሰበ። ታምሜያለሁ ቢል የሐኪም ወረቀት አምጣ ይሉታል። ከተማውን ለቅቄያለሁ ቢል በነጋታው መንገድ ላይ ያገኙታል። ሐዘን ግን! በእኛ አገር ሐዘንተኛን ማስረጃ አምጣ የሚል ማን አለ? ታዲያ ማንን ይግደል? እናቱ አብራው ነው የምትኖረው፤ እሷን ሊያስባት እንኳ ዘገነነው። አንድ ታናሽ ወንድም አለው፣ ይልቃል የሚባል፣ ወርቅ ላውጣ ብሎ ስልክ ከማይሠራበት ቆላ የወረደ። «እሱ ሩቅ ነው፤ አይሰማ፣ ምንም አይሆን» አለ በልቡ። ሄዶም ባለጂሙን «ወንድሜ አረፈብኝ፤ ቀብሩም እዚያው ቆላ ተፈጸመ» አለው።

ባለጂሙ ብድግ አለ። ያን የሚያህል ጡንቻማ ሰው ዕንባው ዱብ ዱብ አለ። አቀፈው። «ውሉን ይርሱት ጋሼ፤ እግዜር ያጽናዎት» ብሎ ወረቀቱን እዚያው ቀደደለት። ሰውየው እፎይ ብሎ ወጣ። ምን ልበልሽ፣ መንገድ ላይ ያፏጭ ነበር አሉ።

እንግዲህ ምን ረሳ? ሰዉን ረሳ። በእኛ አገር ሐዘን ሰምቶ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው አለ እንዴ? ባለጂሙ አብረውት ብረት ያነሡ የነበሩትን ሁሉ ሰበሰበ። ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱን አጠያይቀው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። ሐዘንተኛው ኳስ ሊያይ ወጥቷል! በሩን የከፈተችላቸው እናቱ ናት።

«እግዜር ያጽናዎት፣ እማማ» አሏት።

«ምን ሆኜ ልጆቼ? ስለ ማን ነው የምታጽናኑኝ?»

እነሱ ታውቃለች ብለው ነው። ከመካከላቸው አንዷ «ስለ ልጅዎ ነዋ፤ ቆላ ስላረፈው» አለቻት።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቂያለሽ። በማለዳ ነው፤ ጎረቤት ተጠርቶ፣ በግራ በቀኝ የሚደግፍ ሰው ተዘጋጅቶ። የልጇን ሞት ለእናት በር ላይ አናወርድባትም። እሷ ግን ብቻዋን፣ የበሩን እጀታ እንደያዘች ሰማችው። «ይልቃሌ!» ብላ እዚያው ወደቀች።

ሰውየው ከኳሱ ሲመለስ ግቢው በሰው ሞልቷል፣ የዕድሩ ሰዎች ድንኳን ይተክላሉ። ነገሩ ወዲያው ገባው። ሮጦ ገብቶ እግሯ ላይ ተደፋ። «እማዬ፣ ውሸት ነው! ይልቃል አልሞተም፣ ደኅና ነው! እኔ ነኝ የዋሸሁት፤ ከጂም ለመውጣት ብዬ ነው!»

እዚህ ላይ ነገሩ የሚያበቃ ይመስልሻል። አላበቃም። ሰው ሲሞት እኛ ለእናቱ ምን እንላለን? «ትንሽ አሞት ነበር፣ አሁን ተሽሎታል፣ ደኅና ነው» እንላለን፣ መርዶው እስኪነገር። እሷም ፊቱን ዳበሰችው። «አውቃለሁ ልጄ፤ እንዳልጎዳብህ ብለህ ነው። አባታችሁ የሞተ ጊዜም ደኅና ነው ብላችሁኛል» አለችው። ማለላት፤ ይባስ ብላ አለቀሰች። ጎረቤቶቹም «ሐዘኑ አናቱ ላይ ወጥቶ ነው፣ ምስኪን! ለጂም ብሎ ወንድሙን የሚገድል ማን አለ?» ተባባሉ። እውነቱን ተናግሮ የሚያምነው አንድ ሰው አጣ።

እናቱ እህል አልቀምስ አለች። ድሮም ደም ግፊት አለባት። ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ወንድሙን በእግሩ አምጥቶ ፊቷ ማቆም። «ይዤው እመጣለሁ፤ እባካችሁ ድንኳኑን አንሡት» ብሎ ጎረቤቶቹን ለመነና ወደ ቆላ ወረደ። መኪና ሲያልቅበት በእግሩ፣ ከጉድጓድ ጉድጓድ እየጠየቀ ፈለገው። ይልቃልን አገኘው፤ አፈር በአፈር ሆኖ፣ ጤናው ከሁላችን የተሻለ። እየመጡ ሳለ መንገድ ላይ ሁሉንም ነገረው። ይልቃል መጀመሪያ ተናደደ፣ ቀጥሎ ሳቀ። «ገደልከኝ በለኛ! ግድ የለም፣ እማዬ ስታየኝ ሁሉም ይረሳል» አለ።

ሰፈራቸው ሲደርሱ ድንኳኑ እንደቆመ ነው።

«ይሄ ድንኳን የማን ነው?» አለ ይልቃል።

«ያንተ ነው። እማዬ አይነሣም ብላቸው ይሆናል።»

ይልቃል እየሳቀ ገባ። ለቀስተኛው ሲያየው ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ሁለቱም ዐይናቸው እናታቸውን ፈለገ። ፍራሹ ላይ ጎረቤቶቿ ብቻ ናቸው የተቀመጡት።

እናታቸው የተቀበረችው እነሱ ሊደርሱ በዋዜማው ነው። ፍትሐቱን ያደረስኩት እኔ ነኝ፤ ሁለት ወንድ ልጆች ወልዳ አፈር የሚያለብሳት አንድ ልጅ አልነበረም፤ አንጀቴን በላችኝ። የሞተ ልጇን ልትከተል ነው የሄደችው፤ ልጇ ደግሞ አልሞተም። ይሄን ማን ያጽናና?

ባለጂሙም ለቅሶ ተቀምጦ ነበር። ይልቃልን አየው፣ ሰውየውን አየው። አልጮኸበትም። «ጋሼ፣ ደከመኝ ቢሉኝ ምን አደርግዎት ነበር? ትንሽ እለምንዎታለሁ፣ ትንሽ አኮርፋለሁ፣ ከዚያ እለቅዎታለሁ» አለው።

ወለተ ሐና፣ ያ ሰው አንቺ ነሽ። ባለጂሙም ያንቺ ጂም ሰዎች ናቸው። ኃጢአት ነው ወይ አልሽኝ፤ ኃጢአትስ ንስሐ አለው፣ ለእሱ እኔም አለሁልሽ። ነገ ሄደሽ «አልቻልኩም፣ ተውኩት» በያቸው። ፊታቸው ይጥቆር፣ ይከራከሩሽ፣ አንቺም ፊትሽ በኀፍረት ይቅላ። ሰው በኀፍረት አይሞትም። እናቴ ታማለች ካልሽ ግን ደግ ሰዎች ናቸውና ብርቱካን ይዘው ሊጠይቋት ይመጣሉ። እሷም ብርቱካኑን ታያለች፣ አንቺን ታያለች፣ «ሐኪሙ ምን አላት? ምንድን ነው ልጄ የደበቀችኝ?» ትላለች። «እማዬ ሙች፣ ምንም የለብሽም» ትያታለሽ። ልጄ፣ ያኔ አታምንሽም።